ስኳር ያለበት ተማሪ ከትምህርት ገበታው አይራቅ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የስኳር ሕመም ስለተገኘበት ልጅ «እስኪሻለው ቤት ይቀመጥ» ሲባል ይሰማል። የልጆች የስኳር ሕመም በአብዛኛው አንደኛው ዓይነት ነው፤ ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ስለሚያቅተው በየቀኑ መርፌ ያስፈልጋል። እስኪድን ይጠበቅ ከተባለ ልጁ መቼም አይማርም። ሕክምናውን በአግባቡ ከተከታተለ ግን እንደ እኩዮቹ ይማራል፤ ይጫወታልም።

ወላጆች፣ ሕመሙን ከመምህሩ አትደብቁ። ልጁ ኢንሱሊን ተወግቶ ቁርስ ሳይበላ ከቤት አይውጣ። ኢንሱሊንን ሙቀት ያበላሸዋል፤ በተለይ እንደ ኮምቦልቻ ባለ ሞቃት ቦታ ማቀዝቀዣ ከሌላችሁ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረ የሸክላ ዕቃ አኑሩት። ጠበሉም ሆነ ዱዓው መርፌውን አያስቋርጥ።

መምህራን፣ ልጁ ውኃ ለመጠጣትና ለሽንት ደጋግሞ ቢያስፈቅድ አትከልክሉት። ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከተደናገረ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላልና ብቻውን ወደ ቤት አትላኩት። 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ወዲያው አጠጡት፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻለው ድገሙት፤ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳትሰጡ በጎኑ አስተኝታችሁ በፍጥነት ሐኪም ቤት አድርሱት።

በመምህሩ መሳቢያ ጥቂት ስኳር ማስቀመጥ የትኛውንም ትምህርት ቤት አያከስርም። የልጁን ሕይወትና ትምህርቱን ግን ያተርፋል። ርእሳነ መምህራን ይህን ነገ ዛሬ ሳይሉ ሊጀምሩት ይገባል።