አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ለመሆኑ አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያውን ሳያቀርብ ቢቀር ወኅኒ የሚወርደው ማን ነው? ማኅበሩ ሥጋና ደም የለውምና በገንዘብ እንጂ በእስራት አይቀጣም። ስለዚህ ሕጉ ከማኅበሩ ጀርባ ያለውን ሰው ይፈልጋል። ጥያቄው፣ የሚያገኘው ትክክለኛውን ሰው ነው ወይ የሚል ነው።

በቅድሚያ ሕጉን ልሟገትለት። በ1995 ዓ.ም. የሽያጭ ታክስን የተካው ይህ ታክስ የነጋዴው ገንዘብ አይደለም። 1,000 ብር ለሚያወጣ ዕቃ ገዢው የሚጨምረው 150 ብር በነጋዴው እጅ የተቀመጠ የሕዝብ አደራ ነው። አደራውን ሆን ብሎ የሚበላ ሰው በማኅበር ስም ተከልሎ እንዲያመልጥ የሚፈቅድ ሕግ፣ ሕግ ሊባል አይገባውም።

የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ታክስ ለመሰወር አስቦ ማስታወቂያ ያላቀረበን ከ100,000 እስከ 200,000 ብር መቀጮና ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ጥፋተኛው ድርጅት ከሆነ ደግሞ በወቅቱ ሥራ አስኪያጅ የነበረ ሁሉ ወንጀሉን እንደፈጸመ ይቆጠራል። ለመዳን ድርጊቱ ያለፈቃዱና ያለዕውቀቱ መፈጸሙ ብቻ አይበቃም፤ ጥፋቱን ለመከላከል ተገቢውን ጥንቃቄና ትጋት ማድረጉም ያስፈልጋል።

እንግዲህ ይህን ድንጋጌ ይዘን ወደ ሐረር እንግባ። ከፈረስ መጋላ እስከ ጀጎል ውስጠኛ መንገዶች ንግድ በዝምድናና በመተማመን ይካሄዳል፤ ወንድም ለወንድሙ፣ የአፎቻ ባልንጀራ ለባልንጀራው ስሙን ማበደሩ እንደ ውለታ እንጂ እንደ አደጋ አይታይም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ለግል ማኅበር ቢያንስ 2 አባላት ይጠይቅ ስለነበር፣ ለቁጥር ማሟያ ዘመድ ማስመዝገብ በመላ አገሪቱ የተለመደ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የባለአንድ አባል ማኅበርን ቢፈቅድም፣ ስም የማበደር ልማድ ግን ከአዋጅ ይልቅ ሥር የሰደደ ነው። እናም ባንኩንም ደረሰኙንም የማያውቅ፣ «ሥራ አስኪያጅ» ተብሎ የፈረመ የወንድም ልጅ በተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ሊቆም ይችላል። ትክክለኛው ባለጉዳይ ግን ሱቁን ከፍቶ ይውላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

«የስም ሥራ አስኪያጅ ከዳነ ሁሉም ስመኛ ያስቀምጣል» የሚል መከራከሪያ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ክብደትም አለው። ነገር ግን አዋጁ ራሱ ሥራ አስኪያጅ የሚለው ማዕረጉን የያዘውን ብቻ ሳይሆን በዚያ ኃላፊነት የሚሠራውንም ጭምር ነው። መሣሪያው አለ፤ የጎደለው እስከ እውነተኛው አዛዥ የሚዘልቅ ምርመራ ነው። የንግድ ምዝገባ ወረቀት አንብቦ ስም መልቀም ምርመራ አይባልም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ በፍርድ ሂደት እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ደንግጓል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 57 አስቦ ወይም በቸልተኝነት ያላጠፋ እንዳይቀጣ ይላል። ታዲያ አንድን ሰው በማዕረጉ ብቻ ጥፋተኛ አድርጎ ጀምሮ ንጽሕናህን አስረዳ ማለት ከእነዚህ መርሆች ጋር እንዴት ይታረቃል? መዘግየትና ዝርክርክነት አስተዳደራዊ ቅጣት አላቸው፤ በወር 5 በመቶ፣ እስከ 25 በመቶ። እስር ቤት ሐሳቡ ለተረጋገጠበት ይቆይ፤ ሐሳቡን የማስረዳት ሸክምም የዐቃቤ ሕግ ይሁን።

የጀጎል 5 በሮች ሲመሽ ይዘጉ በነበረበት ዘመን በሩ ክፍት ቢያድር ሊጠየቅ የሚገባው ቁልፉን የያዘው ሰው ነበር። ዛሬም ዳኞቻችን «ማን ፈረመ?» ብለው ብቻ እንዳያቆሙ እመኛለሁ፤ «ቁልፉ በማን እጅ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ስሙን ለማበደር ብዕር ያነሣ ወንድሜም ይህንኑ ጥያቄ ከመፈረሙ በፊት ራሱን ይጠይቅ።

ቸር ይግጠመን።