ውሃው ከየት ገባ?

«ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው በምሥራቅ ጎጃም፣ ጉንደ ወይን ነው። ሥራዬ መምህርነት ነው። አንድ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ። ክረምት በገባ ቁጥር ከሾፌሩ ጎን ያለው ወለል ውሃ ይቋጥራል። መስታወቱ በእንፋሎት ስለሚሸፈን ማታ ወደ ቢቸና ስነዳ ነፍሴን ይዤ ነው። ልጄም ‹ሽታው ያስለኛል› እያለች መሳፈር ጠልታለች። አንዱ መካኒክ ‹ሂተሩ ነው› አለኝ። ሌላው ‹ጣሪያው ነው› ብሎ ዙሪያውን ሲሊኮን ለቀለቀልኝ፤ አልቆመም። አሁን ደግሞ አንድ ወዳጄ ‹ከሰል አቀጣጥለህ በምድጃ ውስጧ አስገባ፤ በሩን ዘግተህ አሳድራት፤ ዘበኛውም እዚያው ተኝቶ እሳቱን ይጠብቅ› ብሎ መከረኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?
የቸገረው ነኝ፣ ከጉንደ ወይን»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከደብዳቤዎ መጨረሻ እንጀምር። ከሰሉን እንዳያስገቡ! በታፈነ ቦታ የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል፤ ሰውየው እንቅልፍ የወሰደው እየመሰለው በዚያው ይቀራል። በተዘጋ ቤት በከሰል ጭስ የሞቱ ሰዎችን ወሬ እርስዎም ሳይሰሙ አይቀሩም። የመኪና ውስጥ ደግሞ ከየትኛውም ክፍል ያነሰ ነው። ዘበኛው የሰው ልጅ ነው እኮ! «እሺ፣ ማንም አይተኛባትም» ቢሉም ወንበሩ ስፖንጅ ነው፤ አንዲት ፍም ከዘለለች መኪናውም የለ።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። ውሃ የሚተኛበትና የሚገባበት ቦታ ለየቅል ነው። ከመስታወቱ ጥግ ገብቶ፣ በላሜራው ስር ለስር ተሽሎክሉኮ፣ እግር ስር ይታቆራል። ስለዚህ መግቢያው ሳይታወቅ ሲሊኮን መለቅለቅ ገንዘብ መጣል ነው። እንዲያውም የዛገ ቦታ ላይ ከተለቀለቀ ውሃውን አፍኖ ዝገቱን ያፋጥነዋል።

ሂተሩ ነው ወይስ ዝናብ? ራዲያተሩን በኩላንት የሚሞላ ሰው አይቸገርም፤ ፈሳሹ ቀለም አለው፣ ያሟልጫል፣ ሽታው ጣፈጥ ይላል። እኛ አገር ግን ብዙው ሰው የቧንቧ ውሃ ነው የሚሞላው፤ ያን ጊዜ ቀለሙ ምንም አይነግርዎትም። ያለው መለያ ይህ ነው፦ ዝናብ በሌለበት ሳምንት ነድተዋት ወለሉ ከረጠበ፣ የራዲያተሩም ውሃ ከጎደለ፣ ሂተሩ ነው። ቆማ ዝናብ መትቷት ከረጠበች ግን ሂተሩ የለበትም። እርስዎ «ክረምት በገባ ቁጥር» ብለዋል። በጋውን ደረቅ ሆና የምትከርም ከሆነ ሂተሩን ይማሩት።

ለመሆኑ መኪናዋን የት ነው የሚያቆሟት? ባሕር ዛፍ ስር ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ተገኘ። ኮፈኑን ከፍተው ከፊት መስታወቱ ግርጌ ያለውን የአየር ማስገቢያ ይመልከቱ። እዚያ የሚገባው የዝናብ ውሃ በግራና በቀኝ ባሉት ማፍሰሻዎች ወደ መሬት መውረድ አለበት። ቅጠልና አቧራ ሲደፍናቸው ውሃው ሞልቶ በአየሩ መንገድ ወደ ውስጥ ይገለበጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚያርፈውም እርስዎ ባሉት ቦታ፣ ከሾፌሩ ጎን ነው። ቅጠሉን በእጅ ይልቀሙ፤ ማፍሰሻውን በቀጭን የላስቲክ ቱቦ ይጎርጉሩ እንጂ በሽቦ አይውጉት።

ይህ ካልሆነ አንድ ጠዋት ይመድቡላትና ሰው ያግዝዎት። ምንጣፉን ያንሱ፤ ወለሉን በጨርቅ ያድርቁ። በመስታወቱ ዙሪያና በላሜራው መጋጠሚያ ላይ የጠመኔ ዱቄት ይነስንሱ (ጠመኔ መቼም ለመምህር አይቸግርም!)። አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሌላው ከውጭ በጎማ ወይም በጆግ ውሃ ያፍስስ። ጥበቡ ከታች መጀመር ነው። መጀመሪያ የበሩ ግርጌ፣ ቀጥሎ የመስታወቱ ግርጌ፣ ከዚያ ጎኑ፣ ጣሪያው መጨረሻ። በየቦታው አምስት፣ አሥር ደቂቃ ይታገሡ። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ሁሉንም ያዳርስና የቱ እንዳስገባ አይለይም። ጠመኔው ላይ መስመር ሲሰመር ሌባው ተያዘ!

በሩን አይርሱ። ሲከፍቱት ውስጡ «ሿ» ካለ ከበሩ ታች ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች በጭቃ ተደፍነዋል። ከበሩ ሽፋን ጀርባ ደግሞ ላስቲክ አለ፤ መስታወት ማንሻ ሲሠራ ተቀዶ የሚቀረው እሱ ነው። የበሩን ጎማ ለመፈተን ወረቀት አጣብቀው ይዝጉና ይሳቡት፤ ያለ ችግር ሾልኮ ከወጣ ጎማው ሞቷል። ፖርቶ መጋላ ካላት የታሰረበትንም ይዩ። ውሃ እንዲወርድ ብለው ግን ወለሉን እንዳይበሱ፤ ከጎማው የሚረጨው ጭቃ በዚያው ይገባል። ፋብሪካው የሠራቸው የጎማ ውታፎች ወለሉ ላይ አሉ፤ እነሱን አውጥቶ ማፍሰስና መልሶ መወተፍ ነው።

ማድረቁ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ፤ ከምንጣፉ ስር የኤሌክትሪክ ሽቦ ያልፋል። ወንበሩን አውጥተው ምንጣፉን ከነስፖንጁ ያንሱ። ምንጣፉ ላዩ ደርቆ ስፖንጁ ሳምንታት ውሃ ይዞ ይቆያል፤ ሽታውና የመስታወቱ እንፋሎትም ከዚያው ነው። ከጮቄ በሚወርደው ብርድ በአንድ ቀን ይደርቃል ብለው አይጠብቁ። ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ስትል አጥር ላይ ያስጡት፣ ሲደምን ያስገቡት። የሻገተውን ስፖንጅ ይጣሉት። የዛገውን ወለል በሽቦ ብሩሽ ፍቀው አንቲረስት ይቀቡ። የወዳጅዎ ከሰልም ቢሆን ሥራ አያጣም፤ ሳይቀጣጠል በማዳበሪያ ከረጢት አድርገው ውስጧ ቢያሳድሩት ሽታ ይቀንሳል።

እስክትደርቅ ድረስ በማታ አይንዱ፤ ልጅዎንም አያሳፍሩ። ሳሉ ከቀጠለ ጤና ጣቢያ ያሳዩዋት።

«ሸጬ ልገላገላት» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎ ደግሞ፣ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ በ2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ ሌላ ኮሮላ ማግኘት ቀላል አይደለም። የመስታወቱ ዙሪያ ላሜራ በልቶ ከተገኘ ወደ ሞጣ ወይም ባሕር ዳር ይውሰዷት፤ መስታወቱ ወጥቶ፣ ዝገቱ ተፍቆ፣ በአዲስ ጎማ ይገጠም። ሒሳቡን ከመክፈልዎ በፊት ግን ባለሙያው እያየ አንድ ባልዲ ውሃ ያፍስሱባት።