ትከሻ ከመጎተቱ በፊት ራጅ ይነሣ



ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ባለው አገር ሰው ወድቆ ትከሻውን ሲያመው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠራው ወጌሻ ነው። እጁ ከመጎተቱ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ አጥንቱ ወልቋል ወይስ ተሰብሯል? ይህን በዓይንና በእጅ ብቻ ሁልጊዜ መለየት አይቻልም። የተሰበረ አጥንት ቢጎተት ስብራቱ ይብሳል፤ ነርቭና የደም ሥርም ሊጎዳ ይችላል። በተለይ በልጆች ትከሻ ላይ ከውልቃት ይልቅ ስብራት ይበዛል።

ከመጋጠሚያዎቻችን ሁሉ አብልጦ የሚወልቀው ትከሻ ነው። የክንድ አጥንት ክብ ራስ ያረፈው እንደ ስኒ ማስቀመጫ ጠለቅ ባላለ ገበታ ላይ ነውና። ራሱ ገበታውን ፈጽሞ ከለቀቀ ሙሉ ውልቃት፣ በከፊል ከተንሸራተተ ከፊል ውልቃት ይባላል። ከፊሉ አታላይ ነው። ብዙ ጊዜ ራሱ ተመልሶ ስለሚገባ የትከሻው ቅርጽ ደህና ይመስላል፤ ሆኖም ጀሪካን ሲያነሡ ወይም ልብስ ሲያሰጡ ትከሻዎ ይከዳዎታል።

ራጅ ለዚህ አገር ታሪክ እንግዳ አይደለም። በ1881 ዓ.ም. በአምባሰል፣ ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል ያስከተለው የዓድዋ ጦርነት የተደረገው ራጅ በተገኘበት በ1888 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት ከዘመቻው ቆስለው የተመለሱ ሁለት የኢጣሊያ ወታደሮች ክንዳቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት ለማግኘት በናፖሊ የጦር ሆስፒታል ራጅ ተነሥተዋል።

ለትከሻ ራጅ ሲነሡ ሁለት ነገር ያስተውሉ። አንደኛ፣ ከፊት ብቻ የተነሣ ምስል አይበቃም፤ ከጎንም መነሣት ያስፈልጋል። አለዚያ የተንሸራተተው አጥንት በቦታው ያለ ሊመስል ይችላል። ሁለተኛ፣ ምስሉ ደህና ነው ቢባልም ነገሩ አልቋል ማለት አይደለም። አጥንቱ ከምስሉ በፊት ተመልሶ ይሆናል፤ የተበጠሰ ጅማትም በራጅ አይታይም። አንዳንድ ጊዜ ግን በአጥንቱ ራስ ላይ የቀረ ስርጉድ ቀድሞ መውለቁን ይመሰክራል። ስለዚህ እንዴት እንደወደቁና ትከሻው ስንት ጊዜ እንደከዳዎት ለሐኪሙ አንድ በአንድ ይንገሩ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ደግሞ ምስሉ ከመነሣቱ በፊት ያሳውቁ።

እስከዚያው ክንድዎን በነጠላ ያንግቱ፤ ቀለበትና አምባር ያውልቁ፤ ማንም እንዲጎትተው አይፍቀዱ። እጅ ከደነዘዘ ወይም ከቀዘቀዘ አንድ ሰዓት እንኳ አይዘግዩ። በአቅራቢያዎ ራጅ ባይኖር ከሐይቅ እስከ ደሴ መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጅ የምታዝሉበት፣ እንጀራ የምታበስሉበት፣ ለደመወዝም የምትሠሩበት ክንድ ይህን ያህል መንገድ ቢሄዱለት አይበዛበትም።