ርዕሰ አንቀጽ፦ በአሮጌ ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ መብት

ይህ ማኒፌስቶ ስለ መሬት ይዞታ፣ ስለ ዳኝነት ነፃነትና ስለ ኑሮ ውድነት ይናገራል። በእነዚህ መካከል ስለ ቤት ውስጥ ኢንተርኔት ማንሳታችን ለአንዳንዱ መራጭ ቅንጦት ሊመስለው ይችላል። «ዳቦ በተወደደበት አገር ስለ ሽቦ ታወራላችሁን?» የሚል ጥያቄ ከራሳችን አባላት ጭምር ቀርቦልናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጉዳዩን ያነሳነው ግን መንግሥት ራሱ ደጁን እየዘጋ በመስኮት ማስተናገድ ስለጀመረ ነው፤ መስኮቱም ኢንተርኔት ነው። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ የፓስፖርት ማመልከቻ፣ የንግድ ፈቃድ እድሳት፣ የግብር ማስታወቂያ እየተራ ወደ ኮምፒዩተር ተዛውሯል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተናን በኮምፒዩተር የወሰዱ ተማሪዎች ነበሩ። እንግዲህ ቤቱ ኢንተርኔት ያለው ልጅ ከሌለው ልጅ ጋር፣ ቤቱ 20 ሜጋ የሚገባለት ልጅ አንድ ሜጋ ከሚንጠባጠብለት ልጅ ጋር እኩል ተዘጋጅቶ ፈተና ይቀመጣል ማለት አይቻልም።

የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 3 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ዜጋ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳለው ይደነግጋል። አገልግሎቱ በኢንተርኔት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ወደ አገልግሎቱ የሚያደርሰው መስመርም የመብቱ አካል ይሆናል። ፓርቲያችን ጉዳዩን የሚያየው ከዚህ አንፃር ነው።

ኢትዮጵያ ስልክን ዘግይታ አላወቀችም። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር ሲዘረጋ ብዙ አገሮች ገና ስለ ስልክ አልሰሙም ነበር። በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ኢንተርኔት በጥር 1989 ዓ.ም. ገባ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ግን የሚያኮራ አይደለም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የስልክ አጭር መልእክት እንኳ ተዘግቶ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ መቆየቱን የማያስታውስ የዚያ ዘመን ሰው የለም።

ገንዘብ አልወጣም አንልም። እ.ኤ.አ. በ2006 ከቻይናው ዜድ.ቲ.ኢ. ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2013 ደግሞ ከዜድ.ቲ.ኢ. እና ከሁዋዌ ጋር የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ውል ተፈርሟል። በዚህ ገንዘብ ከተማን ከከተማ የሚያገናኝ የፋይበር መስመር ተዘርግቷል፤ የሞባይል አውታርም ተስፋፍቷል። ይህን መካድ ፍትሐዊ አይሆንም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የታሪፍ ቅናሽ መደረጉም ሕዝቡን ጠቅሟል። ነገር ግን አውራ ጎዳናው አስፋልት ሆኖ የሰፈሩ መግቢያ ጭቃ እንደሚቀረው ሁሉ፣ በብዙ አሮጌ ሰፈሮች ከስልክ እንጨቱ እስከ ሳሎን ያለው ሽቦ ለድምፅ ብቻ ተብሎ የተዘረጋው የመዳብ ሽቦ እንደሆነ ቀርቷል። በ2016 የበጀት ዓመት ማብቂያ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ቁጥር ከ78 ሚሊዮን ሲያልፍ፣ በቋሚ መስመር ብሮድባንድ የሚጠቀሙት ግን አንድ ሚሊዮን አልሞሉም።

መስመሩ ስለምን ይንቀራፈፋል? ይህን መራጩ በዝርዝር ሊያውቀው ይገባል፤ ምክንያቱን ያላወቀ ዜጋ «ኔትወርክ የለም» በሚል አንድ ቃል ይሸኛልና።

ከስልክ ማዞሪያ ጣቢያው ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች እርስ በርስ ተጠማዘው ይነሳሉ። በመቶ የሚቆጠሩ ጥንዶች በአንድ ወፍራም ኬብል ታጭቀው በመሬት ውስጥ እስከ ሰፈሩ ካቢኔት ይሄዳሉ፤ ከካቢኔቱ ወደ ስልክ እንጨቱ፣ ከእንጨቱ ወደ ቤት ጣሪያ ይዘልቃሉ። የሰው ድምፅ በዚህ ሽቦ ላይ የሚጠቀመው እስከ 4 ሺሕ ኸርዝ ያለውን ሞገድ ብቻ ነው። ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. የሚባለው የኢንተርኔት ዘዴ ግን በዚያው ሽቦ ላይ ከአንድ ሚሊዮን ኸርዝ በላይ፣ አዲሱ ዓይነት ደግሞ እስከ 2.2 ሚሊዮን ኸርዝ ይወጣል። ከፍተኛ ሞገድ በመዳብ ላይ ሲጓዝ ይደክማል። ስለዚህ ከጣቢያው አጠገብ 20 ሜጋና ከዚያ በላይ የሚሰጠው መሣሪያ ሦስት ኪሎ ሜትር ሲርቅ ወደ ሲሶው ይወርዳል፤ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ አንድና ሁለት ሜጋ ከተገኘም ትልቅ ነገር ነው። ርቀቱም የሚለካው ሽቦው በዞረበት መንገድ ነው እንጂ በእግር በሚኬድበት አቋራጭ አይደለም። ጣቢያው ከግቢዎ ፊት ለፊት እየታየ መስመርዎ ሰፈሩን ዞሮ የሚመጣ ሊሆን ይችላል።

በርቀቱ ላይ እርጅና ይጨመራል። የክረምት ውኃ የገባበት መገጣጠሚያ፣ የዛገ ጫፍ፣ በቁፋሮ ተቆርጦ በፕላስተር የታሰረ ሽቦ፣ በየክፍሉ ያለ ሥርዓት የተቀጠለ ቅጥያ፣ ሁሉም ከፍጥነቱ ይቆርሳሉ። ድምፅ የታገሠውን ዝገት ኢንተርኔት አይታገሥም። በመሆኑም «ስልኩ ይሠራል እኮ፣ መስመሩ ደኅና ነው» የሚለው የባለሙያ መልስ በቂ መልስ አይደለም።

(እዚህ ላይ ከምርጫው ውጭ አንድ ጠቃሚ ነገር እንናገር። ሞደሙን መስመሩ መጀመሪያ ቤት በሚገባበት ሶኬት ላይ፣ ቅጥያዎቹን ሁሉ ነቅሎ መሞከር፣ የቤት ስልኩንም በማጣሪያ በኩል ማገናኘት ምንም አያስከፍልም፤ ልዩነቱ ግን አንዳንዴ ያስገርማል። ስልኩን አንሥታችሁ ስታዳምጡ የሚያንሿሽ ከሆነ፣ በተለይ ዝናብ ሲዘንብ ከባሰ፣ ጥፋቱ ከሽቦው ነው። ሌሊት ፈጥኖ ማታ ማታ ብቻ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ግን ሽቦው ደኅና ሆኖ ከካቢኔቱ ወዲያ ያለው መስመር በሰው ብዛት ተጨናንቋል ማለት ነው። ቅሬታ ስታቀርቡ ይህን ለይታችሁ ተናገሩ፤ የቅሬታውንም ቁጥርና ቀን መዝግባችሁ ያዙ።)

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1771 መሠረት አንደኛው ተዋዋይ ግዴታውን ያልፈጸመ እንደሆነ ሌላው ወገን ውሉ እንዲፈጸምለት ወይም እንዲሰረዝለት፣ እንደ ነገሩም ኪሣራ እንዲከፈለው መጠየቅ ይችላል። በኢንተርኔት አገልግሎት ግን ይህን መብት ከሥሩ የሚቦረቡር አንድ ትንሽ ቃል አለ፤ «እስከ» የሚለው። «እስከ 10 ሜጋ» ተብሎ የተሸጠ አገልግሎት ሁለት ሜጋ ቢሰጥ ሻጩ ውሉን አላፈረስኩም ሊል ይችላል። እስከ አንድ ኩንታል ጤፍ እሸጥልሃለሁ ብሎ የኩንታል ዋጋ ተቀብሎ ሃያ ኪሎ የሚሰፍር ነጋዴ በየትኛው ገበያ ይታለፋል?

የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቁሟል፤ ባለሥልጣኑም የአገልግሎት ጥራትንና የሸማቾችን መብት የሚመለከቱ መመሪያዎች አውጥቷል። ሕጉ መጥፎ ነው አንልም። የጎደለው፣ እያንዳንዱ ቤት ሊያገኝ የሚገባውን ዝቅተኛ ፍጥነት በውሉ ላይ በቁጥር የሚያስጽፍና ያ ቁጥር ሲጎድል የወር ሒሳቡ ያለ ክስና ያለ ምልልስ በራሱ እንዲቀነስ የሚያደርግ ድንጋጌ ነው። ፓርቲያችን ምክር ቤት ሲገባ በዘርፉ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ረቂቅ ይኸው ነው። ደንበኛው የጎደለውን ፍጥነት ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ መለኪያው በአገልግሎት ሰጪው እጅ ስለሆነ የማስረዳት ሸክሙም የእርሱ መሆን አለበት።

መለኪያው በእጁ ነው ያልነው በከንቱ አይደለም። በካቢኔቱና በጣቢያው ያለው የብሮድባንድ መሣሪያ የእያንዳንዱን መስመር ድካምና ጫጫታ በየጊዜው ይመዘግባል። ማንንም ቤት ሳያንኳኩ የቱ መስመር እንደታመመ ማወቅ ይቻላል። ስለዚህ የምንጠይቀው አዲስ ጥናት ወይም አዲስ ኮሚቴ አይደለም። ያለው ቁጥር የደንበኛ ስም ሳይነካ በየወረዳው ተጠቃሎ በየስድስት ወሩ ለሕዝብ ይታተም ነው የምንለው። የአንዱ ወረዳ ነዋሪ ከጎረቤቱ ወረዳ ሲታይ ምን እንደሚደርሰው ያወቀ ቀን ጥገናው ለማን እንደሚቀድም መደበቅ አይቻልም።

በሥራው በኩል፣ በአምስት ዓመት ውስጥ በየቤቱ ፋይበር እናስገባለን ብለን አንዋሽም። የምንለው ፋይበሩ እስከ ሰፈሩ ካቢኔት ይምጣ፤ መዳቡ ካቢኔቱን ከቤቱ የሚያገናኘውን የመጨረሻውን ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ይሸከም ነው። በዚህ ዓይነት አጭርና ጤነኛ መዳብ ላይ ቪ.ዲ.ኤስ.ኤል. የሚባለው ዘዴ 50 ሜጋና ከዚያም በላይ መስጠት ይችላል። የበሰበሰው ሽቦ ይነቀል፤ ደኅናው ይሥራ። ሁሉን ነቅሎ ሁሉን በአንድ ጊዜ መትከል ለሥራ ተቋራጭ ያተርፍ ይሆናል፤ ለደሃው ሰፈር ግን ተራው እስኪደርስ መጠበቅ ነው። የስልክ እንጨት ጨርሶ ባልደረሰበት ገጠር ደግሞ መፍትሔው ገመድ አልባ ስለሆነ በሌላ ምዕራፍ አይተነዋል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎም በሌሎች ከተሞች በኮሪደር ልማት ስም መንገዱ ሁሉ ተቆፍሯል። በዚህ ቁፋሮ ስለተነሱ ሰዎች ያለንን አቋም በቤቶች ምዕራፍ አስፍረናል። ስለ ሽቦ የምንለው አንድ ነው፤ አንድ መንገድ አንዴ ከተቆፈረ ባዶ ቱቦ ሳይቀበርበት አይከደን። በፋይበር ዝርጋታ ከባዱ ወጪ የመስተዋቱ ክር አይደለም፤ ጉድጓዱ ነው። ቱቦውም የአንድ ኩባንያ ርስት አይሁን። ሳፋሪኮም በ2013 ዓ.ም. የ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ወስዶ በ2015 መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ውድድር አለ ይባላል፤ አለም፤ ግን በአመዛኙ በሞባይል ነው። ወደ ቤት በሚገባው መስመር አንድ የግል ኩባንያ ቢመጣ ከፋይ ወደሚበዛበት ሕንፃ ቢያዘነብል አይገርምም፤ የራሱን ጉድጓድ ቆፍሮ ጉለሌ ውስጥ ላለ የቀበሌ ቤት መስመር ያስገባል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። በሕዝብ ገንዘብ የተቀበረ ቱቦና የተተከለ ምሰሶ በተመጠነ ኪራይ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ግን ስሌቱ ይለወጣል። መሠረተ ልማትን በጋራ መጠቀም በአዋጁ የታሰበ ነው፤ የቀረው በመሬት ላይ ማስፈጸም ነው።

ገንዘቡስ? ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻ ለሕዝብ ለሽያጭ ቀርቦ ነበር። ወደፊትም ድርሻ ይሸጥ፣ አዲስ ፈቃድም ይሰጥ ይሆናል። ከዚህ ከሚገኘው ገቢ የተወሰነው እጅ በሕግ ተለይቶ ለአሮጌ መስመሮች ጥገና እንዲውል እንጠይቃለን፤ ገንዘቡ አንዴ ወደ ጠቅላላው ካዝና ከገባ ሽቦውን የሚያስታውሰው እንደማይኖር ስለምናውቅ ነው።

ሁለት ነገሮች ቀርተውናል። አንደኛው መብራት ነው። አሮጌው የመዳብ ስልክ ኃይሉን ከጣቢያው ስለሚያገኝ መብራት ሲጠፋም ይደውላል። ብዙ እናቶችና አባቶች የቤት ስልካቸውን አንለቅም የሚሉት በግትርነት አይደለም። መዳቡ በፋይበር ሲተካ በቤቱ ያለው ሣጥን ካልበራ ስልኩም አይሠራም። ስለዚህ በየካቢኔቱ ለሰዓታት የሚቆይ ባትሪ እንዲኖር፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያንና ለሕሙማን ቤትም ትንሽ የመጠባበቂያ ባትሪ ከመስመሩ ጋር አብሮ እንዲሰጥ በረቂቃችን አስገብተናል።

ሁለተኛው ቁልፉ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ በመላ አገሪቱ የተቋረጠው ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ቆይቷል፤ ያን ጊዜ ፈጣኑም ዘገምተኛውም መስመር እኩል ሞተዋል። 50 ሜጋ የሚገባበት ቤት በአንድ የስልክ ትእዛዝ የሚጨልም ከሆነ ሽቦ ማደሱ ትርጉም የለውም። ስለሆነም በረቂቃችን የመጨረሻ አንቀጽ፣ አገልግሎት ማቋረጥ የሚቻለው ምክንያቱ፣ ቦታውና የሚያበቃበት ቀን ተጠቅሶ በጽሑፍ በተሰጠ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ እንዲሆን፣ ትእዛዙም በወጣ በ48 ሰዓት ውስጥ ለሕዝብ እንዲገለጽ፣ አገልግሎቱ የተቋረጠበት ቀን ሁሉ ከደንበኛው ሒሳብ እንዲቀነስ ደንግገናል።