አሮጌው ቱርቦና አዲሱ ቱርቦ

የዛሬው ጽሑፌ ስለ መኪና ነው።

አትላንታ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ድሮ የፎርድ ፋብሪካ በነበረበት ቦታ፣ የፖርሽ ኩባንያ የሰሜን አሜሪካ ዋና መሥሪያ ቤት አለ። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ሕንፃው ውስጥ የድሮ መኪኖች ይታያሉ፤ ውጭ ባለው መለማመጃ መንገድ ደግሞ አዲሶቹ ይከንፋሉ። እስቲ አንድ አሮጌና አንድ አዲስ እናወዳድር። የሁለቱም ስም 911 ቱርቦ ነው።

ቱርቦ ምንድን ነው? የቡና ከሰል ስናርገበግብ አየር ስለሚያገኝ እሳቱ ይፋፋማል። ቱርቦም ለሞተር እንዲሁ ያደርጋል። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ትንሽ መዘውር ያሽከረክራል፤ መዘውሩም ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ ይገፋል። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ነዳጅ ይቃጠላል፤ ጉልበትም ይጨምራል።

በ1975 የወጣው ቱርቦ 260 የፈረስ ጉልበትና አራት ማርሽ ነበረው። ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 5.5 ሰከንድ ይፈጅበታል። በ2020 የወጣው ቱርቦ ኤስ 650 የፈረስ ጉልበት፣ ሁለት ቱርቦና ስምንት ማርሽ አለው። እሱ በ2.7 ሰከንድ ይደርሳል።

ትልቁ ልዩነት ግን ፍጥነቱ አይደለም። ከሰል እንደተርገበገበ ወዲያው አይቀላም፤ አሮጌው ቱርቦም እንደዚያው ነበር። ሹፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ይህ ኩርባ ላይ ከሆነ ሹፌሩ ይደነግጥና እግሩን ያነሳል። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ የመኪናው ኋላ ከባድ ነው፤ ያን ጊዜ ይንሸራተትና መኪናው ይሽከረከራል። በዚህ ምክንያት «ሚስትን መበለት የሚያደርግ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። አዲሱ ግን ጉልበቱን ቶሎ ይሰጣል፤ አራቱም ጎማዎች ይገፋሉ፤ መንሸራተት ሲጀምር ኮምፒውተሩ ራሱ ፍሬን ይይዛል።

ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ መንዳት እየተለማመደች ነው። በጆርጂያ ሕግ መንጃ ፈቃድ ለማግኘት 40 ሰዓት መለማመድ አለባት፤ ከዚህም 6 ሰዓቱ በማታ ነው። ከጎኗ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ይህን ስነግራት «አባዬ፣ ታዲያ አዲሱ ይሻላል፤ ሰው ሲሳሳት ያርማል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ለእሷ እኔም የሚያርመውን እመርጣለሁ። ነገር ግን በጣም ፈጥኖ ኩርባ ለገባ ሰው ኮምፒውተርም አይደርስለትም። አሮጌውን የሚነዳ ሰው አርቆ ያያል፤ ፍሬን የሚይዘው ኩርባው ውስጥ ሳይሆን ከኩርባው በፊት ነው። እኛም በቤታችን ተራ መኪና ይህንኑ እየተለማመድን ነው።

የሳምንቱ ቃላት
ፍሬን፦ መኪና የሚያቆም
ማርሽ፦ ጉልበትና ፍጥነት የሚቀያይር
መሪ፦ ሹፌሩ በእጁ የሚይዘው
ማርሚታ፦ ጭስ የሚወጣበት፤ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው

የቤት ሥራ፦ እናታችሁ ወይም አባታችሁ መንዳት የተማሩት በየትኛው መኪና ነው? ማን አስተማራቸው? በአማርኛ ጠይቋቸው።