ቮልሳችንን አዲስ አናደርጋትም

ዛሬ ፖለቲካ የለም፤ ዕረፍት ውሰዱ። የምናወራው ስለ መኪና ነው፤ ያውም ርዝመቷ 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ መኪና።

"እኛ" ስንል የአንድ ቤት ሦስት እህትማማቾች ነን። አንዷ ጋዜጠኝነት ተመርቃ ሥራ እስኪገኝ እዚህ ትጽፋለች፤ ሁለቱ ያርሟታል።

አክስታችን አምና ከውጭ ስትመጣ ከቸኮሌቱ ጋር አንድ ካርቶን ይዛ መጣች። ውስጡ የጃፓኑ ታሚያ የሚሠራት የ1966 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ቮልስዋገን 1300 ነበረች፤ ከእውነተኛዋ 24 ጊዜ አንሳ፣ ተበታትና፣ የፕላስቲክ ፍሬም ላይ ተንጠልጥላ። ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ አጣብቆ፣ ቀለም ቀብቶ መጨረስ የተቀባዩ ዕዳ ነው። ቀለም ግን አላመጣችልንም። የሚረጭ ቀለም ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይጫንም።

መመሪያው ባዕድ ቋንቋ ነው። አባዬ ከሶፋው ሳይነሳ ሥዕሉን አየት አድርጎ በጋራዥ ቋንቋ ተረጎመልን፤ "ይሄ ፓራፋንጎ፣ ይሄ ፓራውልት፣ ይሄ ቸርኬ…" (ጣሊያን ሄዷል፤ ቃላቱ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀርተዋል።) ከዚያ ወዲያ ጠረጴዛው አጠገብ ዝር አላለም። ምክንያቱን እናውቃለን። የቤታችንን ቮልስ በ2011 ዓ.ም. የሸጣት ለኮሌጅ ክፍያ ነው። ማን ገዛት፣ ዛሬ የት ናት፣ አናውቅም። እሱም አያነሳ፣ እኛም አንጠይቅ።

ስህተታችን ብዙ ነው። መስታወቷን በሱፐር ግሉ አጣበቅን፤ በማግስቱ ጉም የለበሰች መሰለች። ለካ ትነቱ ጥርት ያለውን ፕላስቲክ ያነጣዋል! ለመስታወት የሚሆነው ተራው ነጭ የእንጨት ኮላ ነው፤ ሲደርቅ ጥርት ይላል። ሐምሌ ላይ ቀለም ረጨን፤ እርጥበት ገብቶበት ወተት የፈሰሰበት መሰለ። 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እየነከርን ፈገፈግነው። አሁን ገብቶናል፤ ስስ አድርጎ መርጨት፣ መጠበቅ፣ ደግሞ መርጨት፣ ደግሞ መጠበቅ። ከግማሽ በላዩ ሥራ መጠበቅ ነው፤ ሥራ ፈላጊ ደግሞ መጠበቅ ያውቅበታል።

ጠቡ የተነሳው በቀለም ምርጫ ነው። እኛ የምናውቃት ቮልስ ውሃ ሰማያዊ ናት። አባዬ "ክሬም ነበረች" አለ። ሁለቱም ልክ ነው፤ ክሬም ሆና ተገዝታ፣ እኛ ሳንወለድ ከተጋጨች በኋላ ሰማያዊ ተቀባች። በሞዴል ሥራ የሚበልጠን አንድ ወዳጃችን ይህን ሰምቶ ሳቀብን። በእሱ ሕግ ክላሲክ መኪና ከፋብሪካ በወጣችበት ቀለም፣ ኒኬሏ ፊት እስኪያሳይ ተወልውላ ማለቅ አለባት። ሌላው ሁሉ ቆሻሻ ነው።

እኛ አንስማማም። ይህቺ መኪና እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ፑኤብላ ውስጥ የመጨረሻዋ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። ከፋብሪካ ስትወጣማ ማን ከማን ይለያል? አንዷን ከሌላዋ የሚለያት ከዚያ በኋላ የደረሰባት ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችውን ቮልስ ሞዴል የሚሠራ ሰው፣ ለሽያጭ እንደቆመች አድርጎ ቢወለውላት ምን ነገረን? የእኛዋ ታሪክ ውስጥ አልገባችም፤ ግን ሦስት ልጆች አመላልሳለች፣ ስንት ጠዋት ቁልቁለት ላይ ተገፍታ ተነስታለች። ደግሞም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሎ መንገዱ ድምፅ በሌለው መኪና እየተሞላ ነው። ያ የቮልስ ጩኸት በሰፈር ሲያልፍ ሦስታችንም ወደ መስኮት እንዞራለን።

ወዳጃችን አንድ ነገር ላይ ግን ረትቶናል። "ብዙ ሰው ዝገትና ጭቃ የሚቀባው የሙጫ ጠባሳ ለመደበቅ ነው" አለን። ልክ ነው፤ እኛም አስበነው ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ንጹሕ አድርገን ልንሠራት፣ ከዚያ ልናስረጃት ተስማማን። ከሥር ክሬም፣ እሱ ሲደርቅ ከላይ ሰማያዊ፤ ከዚያ በሩ እጀታ ዙሪያና ፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ ሰማያዊውን በስሱ ፍቆ ክሬሙን ማሳየት። እጅ የበዛበት፣ ድንጋይ የነካው ቦታ መጀመሪያ የሚለቀው እዚያ ነው።

ባለፈው እሑድ "ጨረስን" ብለን ጠረጴዛው ላይ አቆምናት። አባዬ መጣ። መነጽሩን አደረገ። ካርቶኗ ከተከፈተ ጀምሮ ነክቷት የማያውቃትን መኪና አንስቶ አገላበጣት፤ በሩን አየ፤ የተፋቀውን ክሬም በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገ።

"የግራው የኋላ ፓራፋንጎ ክሬም አይወጣውም" አለ። "ከግጭቱ በኋላ ከሱማሌ ተራ ያመጣሁት ነው። የሌላ መኪና ነው፤ ሰማያዊው ቢፋቅ ከሥር አረንጓዴ ነው።"

አረንጓዴ ቀለም የለንም። እሱ ግን የትኛው አረንጓዴ እንደሆነ ያውቀዋል፤ ቅዳሜ ቀለም ቤት አብሮን ሊሄድ ነው።