ለመርካቶ ባለ ሱቆችና ባለ ጋራዦች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ



ባለፈው ቅዳሜ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን የሠርክ ጸሎት ስመለስ፣ አንድ ጎልማሳ የማንሆሉን ክዳን በብረት ፈልቅቆ የተቃጠለ የሞተር ዘይት በጀሪካን ሲያንቆረቁርበት፣ አላፊ አግዳሚውም አይቶ እንዳላየ ሲያልፍ ባየሁ ጊዜ፣ «ልጄ፣ ይህ ወዴት የሚሄድ ይመስልሃል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አርፈው መንገድዎን ይሂዱ!» አለኝ። የተናቅሁት እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ ችዬው ዝም ባልኩ።

በራጉኤል ለቅዳሴ የሚቆመውም በአንዋር መስጊድ ለሶላት የሚሰለፈውም ነውርን ከንጽሕና ለይተው ያሳደጉን ሰዎች ነን። ታዲያ ሥጋችንን ያጠብንበትን ውኃ መርዝ ጨምረንበት ለጎረቤት መስደድን ከማን ተማርነው?

ያ ዘይት ወደ ቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ይወርዳል። በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ በተሠራው በዚያ ጣቢያ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ፍጥረታት ናቸው፤ አየር በማይገባበት ገንዳ ውስጥ ተያይዘው፣ ጥቅጥቅ ያለ ዝቃጭ ሆነው ከታች ረግተው፣ በመካከላቸው የሚያልፈውን ቆሻሻ ወደ ጋዝ ይለውጡታል። ነገር ግን የዝቃጩ ጤና ሥርዓት አለው፦ የአሲድነቱ መለኪያ፣ ማለት ፒኤች፣ ከ6.5 እስከ 7.5 ባለው ወሰን ሊቆይ ይገባዋል፤ ፍሳሹ በድንገት ቢያይል ዝቃጩን ጠርጎ ያወጣዋል፤ የአዲስ አበባም ብርድ የፍጥረታቱን እድገት ስለሚያዘገይ አንድ ጊዜ የጠፋው ማኅበራቸው ቶሎ አይተካም። ዘይት ዝቃጩን ሸፍኖ ምግቡን ይከለክለዋል፣ አቅልሎም ወደ ላይ አንሳፍፎ ከሚወጣው ውኃ ጋር ያስወስደዋል። የባትሪ አሲድም ፍጥረታቱን ይገድላል፤ ከእርሱ ጋር የመጣው እርሳስ ደግሞ በዝቃጩ ውስጥ ይከማቻል። እርሳስ የተሸከመውን ዝቃጭ ማን ደፍሮ በማዳበሪያነት በእርሻ ላይ ይበትነዋል? ኅሊናው የሚፈቅድለት ከእናንተ መካከል ማን ነው?

በሚገባ ያልተጣራው ውኃ ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ይገባል፤ የአቃቂ ውኃ ጎመንና ሰላጣ ያጠጣል፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ከተማችን ገበያ ይወጣል። አንዲት ጀሪካን በወጉ ለማስወገድ የሚወጣው ገንዘብ ከዚያ ጎመን ከሚበላው ሕፃን ይበልጣልን? ጨለማን ተገን አድርጎ ማንሆል የሚከፍት እጅ ነገ በየትኛው ፊቱ ለጸሎት ይዘረጋል?

እንግዲህ በምታምኑት አምላክ ስም እለምናችኋለሁ፦ ዘይታችሁንና አሲዳችሁን ወደ ማንሆል አታፍስሱ፤ ከሹማምንቱ ጋር ተቀምጣችሁ የተሻለውን መንገድ ፈልጉ፤ የሚያፈሰውንም ስታዩ ዘወር ብላችሁ አትለፉ።